ቮልዩሙን ማን ይወስን?

ከአየር ጤና ተነስቶ በዓለም ገናና በሰበታ አድርጎ ተፍኪ የሚገባ ሚኒባስ ውስጥ የተሳፈረ ሰው አንድ ስልክ ስንት ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ያውቃል። የሹፌሩ ስልክ ከመኪናው ቴፕ ጋር በብሉቱዝ ተገናኝቶ ዘፈን ይለቃል። የቴሌግራም መልእክት ሲገባ ዘፈኑ ላይ ይጮኻል። ጥሪ ሲመጣ የደዋዩ ንግግር እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል፤ ጥሪው ሲዘጋ ደግሞ ዘፈኑ ተሳፋሪውን እያስደነገጠ ይመለሳል። ረዳቱ «ቀነስ አድርገው እንጂ!» ይላል። ሹፌሩ የቴፑን ቁልፍ ሲያዞር ሁሉም አብሮ ይቀንሳል፤ ቀጥሎ የሚደውለው ሰው ግን አይሰማም።

እዚህ ላይ የተበላሸ ዕቃ የለም። ድምፆቹ ብዙ ሆነው ሳለ ቁልፉ አንድ ነው። የሶፍትዌር ሰዎች ከዚህ ችግር ጋር ሲታገሉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ትግሉ የሚካሄደው ተጠቃሚው በማያየው ቦታ፣ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፉ የድምፅ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ፕሮግራመሮች በሚጠሯቸው ዝግጁ የኮድ ስብስቦች ውስጥ ነው። ስልኩ፣ ላፕቶፑ፣ ጌሙና የባንክ መተግበሪያው ድምፅ የሚያወጡት በእነዚህ ላይብረሪዎች ወይም በእነሱ ላይ በተገነቡ ሥርዓቶች ነው። ባለፉት ዓመታት ላይብረሪዎቹ ወደ አንድ ስምምነት እየመጡ ነው፦ ቮልዩም የመሣሪያው ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ የድምፅ ስትሪም ይሁን። በሰፊው የሚሠራበት ኤስዲኤል የተባለው ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሦስተኛውን ትውልድ ሲያወጣ ይህን አሠራር መሠረቱ አድርጎታል።

አቅጣጫው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ስትሪም አንድ ቁጥር መስጠት ብቻውን ችግሩን አይፈታም። ቁጥሩ የሰውን ጆሮ መከተል አለበት፣ ድንበር ሊኖረው ይገባል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጨረሻው ሥልጣን የአድማጩ መሆን አለበት። ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ለማየት ከሰበታ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል፤ የስመ ጥሩው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ከተማ ናትና።

ማባዛት ነው፣ ግን ማባዛት ብቻ አይደለም

ለኮምፒውተር ድምፅ የቁጥር ሰልፍ ነው። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በእያንዳንዱ ሰከንድ፣ በእያንዳንዱ ቻናል 44,100 ቁጥሮች አሉት። እነዚህ ሳምፕል የሚባሉት ቁጥሮች በ16 ቢት ሲቀመጡ ከ-32,768 እስከ 32,767 ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። አንድ ፕሮግራም ሳያቋርጥ ወደ ሳውንድ ካርዱ የሚልከው የሳምፕል ሰልፍ ስትሪም ይባላል። ዘፈኑ አንድ ስትሪም ነው፤ የመልእክቱ ድምፅ ሌላ ስትሪም ነው፤ የደዋዩ ንግግርም እንደዚሁ።

ቮልዩም መቀነስ ማለት እያንዳንዱን ሳምፕል ከ1 ባነሰ ቁጥር ማባዛት ነው። 20,000 የነበረው ሳምፕል በ0.5 ሲባዛ 10,000 ይሆናል። ለሁለት ቻናል በሰከንድ 88,200 ማባዛት ማለት ነው፤ ለዛሬ ፕሮሰሰር ይህ ከቁጥር የሚገባ ሥራ አይደለም። ሬይሊብ በተባለው ላይብረሪ የስትሪም ቮልዩም የሚወስነው ፈንክሽን ሁለት ነገር ብቻ ይቀበላል፦ ስትሪሙንና አንድ ባለ ነጥብ ቁጥር። 1.0 ሙሉ ድምፅ ነው፤ 0 ጸጥታ። ሬይሊብን ራሞን ሳንታማሪያ የተባለ ስፔናዊ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ለማስተማሪያ ብሎ ነው፤ ሲን የሚማር ተማሪ በደከመ ላፕቶፕ ላይም ቢሆን በጥቂት መስመሮች ዘፈን አጫውቶ ቮልዩሙን መቀየር ይችላል።

ጣጣው የሚጀምረው ቁጥሩ ከፍ ሲል ነው። ያንኑ 20,000 በ2 ብናባዛው 40,000 ይመጣል፤ የ16 ቢት ክልል ግን 32,767 ላይ ያበቃል። ጥንቁቅ ፕሮግራመር ውጤቱን 32,767 ላይ ይቆርጠዋል፤ ያኔ የሞገዱ ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ድምፁ ይሻክራል። ያልተጠነቀቀው ደግሞ ትርፉን ሳያይ ወደ 16 ቢት ይመልሰዋል፤ በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ 40,000 የነበረው -25,536 ሆኖ ይወጣል። ላይኛው ጫፍ ላይ የነበረ ሞገድ በአንድ ቅጽበት ታችኛው ጫፍ ላይ ተገኘ ማለት ነው። አድማጩ የሚሰማው ጆሮ የሚበጥስ ፍንዳታ ነው። ሁለት ስትሪሞች ሲደመሩም ያው ነው፤ 20,000 እና 20,000 ተደምረው ያንኑ 40,000 ይሰጣሉ። ስለዚህ የስትሪሞችን ቮልዩም ለይቶ መቆጣጠር ከምቾት ያለፈ ጥቅም አለው፦ ድምሩ ከክልሉ እንዳይወጣ ቦታ የሚተወው በዚህ መንገድ ነው። አዳዲስ ላይብረሪዎች ድምሩን በባለ ነጥብ ቁጥር ሠርተው መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ 16 ቢት የሚመልሱትም ለዚሁ ነው።

ሌላም አለ። ቮልዩሙ ከ1.0 ወደ 0.3 በአንድ ሳምፕል ውስጥ ቢዘል ሞገዱ ይሰበርና «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ተጠቃሚው ስላይደሩን ሲጎትት ቅጭቅጭታው ይደጋገማል። መፍትሔው ለውጡን በጥቂት ሚሊሰከንድ ላይ ማከፋፈል ነው፤ በ44,100 ፍጥነት 10 ሚሊሰከንድ 441 ሳምፕል ስለሚይዝ ማባዣው በ441 ትንንሽ እርምጃ ይወርዳል። በዴቪድ ሪድ የተጻፈውና ለሬይሊብም የድምፅ ክፍል መሠረት የሆነው ሚኒኦዲዮ ለዚህ የተዘጋጀ ክፍል አለው። ራሳቸው ከዜሮ የሚጽፉ ጀማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህን ነው።

ከመሣሪያው ወደ ስትሪሙ

የግል ኮምፒውተሮች ድምፅ ማውጣት ሲጀምሩ ቮልዩም የሳውንድ ካርዱ ንብረት ነበር። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን አንድ ፕሮግራም የራሱን ድምፅ ለመቀነስ የሚጠራው የሲ ፈንክሽን የሌላውንም ፕሮግራም ድምፅ ይዞት ይወርድ ነበር። ጌሙ ሲቀንስ ሙዚቃ ማጫወቻውም ይቀንሳል፤ ጌሙ ሲዘጋ ማንም ወደ ነበረበት አይመልሰውም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ቪስታን ሲያወጣ የድምፅ ሥርዓቱን እንደ አዲስ ጻፈውና ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ ስላይደር ያለው ሚክሰር ይዞ መጣ። ዋናው የውኃ መስመር እንዳለ ሆኖ ለየቤቱ የየራሱ መዝጊያ እንደማበጀት ነው፤ ጎረቤት ሲዘጋ የእኛ አይደርቅም።

በሊኑክስ በኩል ሌናርት ፖተሪንግ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ፐልስኦዲዮ ከመጀመሪያው የስትሪሞችን ቮልዩም ለያይቶ ያዘ። ከዚህ ፕሮጀክት የምንማረው ትልቁ ነገር ግን ከስህተቱ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 «ጠፍጣፋ ቮልዩም» የሚባል አሠራር አስገባ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፦ የመሣሪያው ቮልዩም ከስትሪሞቹ ሁሉ ከፍተኛውን ይከተል፤ ተጠቃሚው በሁለት ስላይደር መሀል አይደናገር። ውጤቱ ግን አንድ ፕሮግራም የራሱን ስትሪም 100 በመቶ ባደረገ ቁጥር የመሣሪያው ድምፅም አብሮት 100 በመቶ የሚወጣ ሆነ። ኢርፎን ጆሮው ውስጥ የሰካ ሰው አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት አሠራሩን አጥፍቶ ነበር የሚያከፋፍለው። ስህተቱ የሒሳብ አልነበረም፤ ፕሮግራሙ የአድማጩን ውሳኔ እንዲሽር ሥልጣን መስጠቱ ነበር።

አንድሮይድ በበኩሉ በሌላ መንገድ ሄዷል፤ ድምፆችን በፕሮግራም ሳይሆን በዓላማ ከፋፍሎ ለጥሪ፣ ለማንቂያ ደወል፣ ለሙዚቃ ለየብቻ ቮልዩም ሰጠ። ሙዚቃ ዘግቶ የተኛ ሰው ጠዋት ደወሉ የሚቀሰቅሰው በዚህ የተነሳ ነው።

ሳም ላንቲንጋ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ኤስዲኤል ደግሞ የጌም ሠሪዎች ዋና መሣሪያ ነው። በሁለተኛው ትውልዱ፣ ተጨማሪ ላይብረሪ የማይጠቀም ፕሮግራመር ድምፆቹን ራሱ መደመር ነበረበት፤ ለዚህ በሚጠራው ፈንክሽን ውስጥ ቮልዩም ከ0 እስከ 128 ያለ ሙሉ ቁጥር ነበር። በሦስተኛው ትውልድ ስትሪሙ ራሱን የቻለ ነገር ሆነ፤ የፈለገውን ያህል ስትሪም ከአንድ መሣሪያ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ መደመሩን ላይብረሪው ይሠራዋል፤ እያንዳንዱ ስትሪም ጌን የሚባል ማባዣ አለው፣ 1.0 ሲሆን ድምፁ እንዳለ ያልፋል። ለመሣሪያውም ለብቻው ጌን አለ። ሁለቱ ተለያይተው መቀመጣቸው ፐልስኦዲዮ ከገባበት ጣጣ ያድናል፤ ስትሪሙ መሣሪያውን አይጎትተውም።

ጆሮ በቀጥታ መስመር አይሰማም

ቮልዩምን ተራ ማባዛት አድርጎ የሚያይ ፕሮግራመር ቶሎ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ስላይደሩን ከ0 እስከ 1 ሠርቶ ቁጥሩን እንዳለ ለላይብረሪው ይሰጣል። ተጠቃሚው ስላይደሩን መሀል ላይ ሲያደርገው ድምፁ ብዙም አልቀነሰም ይላል። ታች ሲደርስ ደግሞ በትንሽ ንክኪ ድምፁ ድንገት ይጠፋበታል።

ምክንያቱ ጆሮ ነው። ጆሮ ልዩነትን የሚለካው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ስለሆነ የድምፅ ባለሙያዎች ዴሲቤልን ይጠቀማሉ። ሳምፕሉን በግማሽ ማባዛት 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሰዋል፤ ሰው «ድምፁ በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ግን ወደ 10 ዴሲቤል ሲወርድ ነው። ለዚያ ማባዣው 0.32 አካባቢ መሆን አለበት። በቀጥተኛ ስላይደር የላይኛው ግማሽ በሙሉ 6 ዴሲቤል ብቻ ይይዛል፤ የታችኛው አንድ አሥረኛ ደግሞ ከ-20 ዴሲቤል እስከ ፍጹም ጸጥታ ያለውን ሁሉ አጭቆ ይይዛል። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላብ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ከሁሉ በፊት የሚያጣው ወፍራሙን ድምፅ ነው። ዘፈን ሲቀንስ ቤዙ አብሮ የጠፋ የሚመስለን ለዚህ ነው።

ፐልስኦዲዮ ለዚህ የሰጠው መልስ ቀላልና ብልህ ነው፦ ስላይደሩ ላይ ያለውን ቁጥር ሦስት ጊዜ በራሱ አባዛው። ተጠቃሚው 50 በመቶ ሲል ማባዣው 0.5 ሳይሆን 0.125 ይሆናል፤ ወደ 18 ዴሲቤል ቅናሽ ማለት ነው። ከትክክለኛው «ግማሽ» ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ስላይደሩ ከላይ እስከ ታች ሲሄድ ለጆሮ የተመጣጠነ ይሆናል። ኤስዲኤልና ሬይሊብ በአንጻሩ ማባዣውን በቀጥታ ነው የሚቀበሉት፤ ለጆሮ የማስማማቱን ሥራ ለፕሮግራመሩ ትተውለታል።

ይህን አለማወቅ የሚያስከፍለው ዋጋ ሌላም ገጽታ አለው። የየላይብረሪው መለኪያ ለየቅል ነው። በአሮጌው ኤስዲኤል ሙሉ ድምፅ 128 ነው፣ በፐልስኦዲዮ 65,536፣ በሬይሊብ 1.0። ኢስፒክ በተባለው ንግግር አመንጪ ደግሞ 100 መደበኛ ነው፣ 200ም ይፈቀዳል። ከአንዱ ላይብረሪ ወደ ሌላው ኮድ የሚገለብጥ ሰው 100ን «መቶ በመቶ» ብሎ ለሬይሊብ ቢሰጠው እያንዳንዱን ሳምፕል በመቶ አባዛ ማለት ነው። ኮዱ ያለ ምንም ስህተት ኮምፓይል ያደርጋል፤ ስህተቱን የሚያገኘው ጆሮ ብቻ ነው።

ሰበታ፦ ድምፅ ስክሪን ሲሆን

ለሚያይ ሰው ቮልዩም የምቾት ጉዳይ ነው፤ ቢበዛ ያናድዳል። ማየት ለተሳነው የኮምፒውተር ተጠቃሚ ግን ድምፁ ራሱ ስክሪኑ ነው። ስክሪን ሪደር የተባለው ፕሮግራም በማያ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ቁልፍና ማሳወቂያ እያነበበ ይነግረዋል። በነጻ ከሚገኙት ስመ ጥሩው ኤንቪዲኤ ነው፤ አውስትራሊያዊው ማይክል ከረን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው። ኤንቪዲኤ አብሮት የሚጫነው ንግግር አመንጪ ኢስፒክ ኤንጂ ደግሞ በሲ የተጻፈ ነው። መሠረቱን እንግሊዛዊው ጆናታን ደዲንግተን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጥሎት ሪስ ደን እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ መልክ ቀጥሎበታል። ከሚናገራቸው በርካታ ቋንቋዎች መካከል አማርኛና አፋን ኦሮሞ ይገኙበታል፤ ሁለቱም የሚነገሩባት ሰበታ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ከመርሐ ዕውራን የወጣ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተቀዳ የመምህር ገለጻ እያዳመጠ ጎን ለጎን ማስታወሻ ይጽፋል እንበል። ሁለት ስትሪም አለው፦ የመምህሩና የስክሪን ሪደሩ። ሁለቱም እኩል ቮልዩም ላይ ከሆኑ አንዱም አይሰማም። ዋናውን ቁልፍ ቢቀንስ ሁለቱም አብረው ይቀንሳሉ፤ ቢጨምርም እንደዚያው። ቁልፉ ለእሱ ምንም አልሠራለትም። የሚያስፈልገው ስክሪን ሪደሩ ሲናገር መምህሩ ዝቅ ማለቱ፣ ሲያበቃ መመለሱ ነው። ኤንቪዲኤ ይህን እ.ኤ.አ. በ2016 አስገብቶታል፤ ተጠቃሚው እንዲያጠፋው፣ በንግግር ጊዜ ብቻ እንዲሠራ፣ ወይም ሁልጊዜ ሌላው ዝቅ ብሎ እንዲቆይ መምረጥ ይችላል። ምርጫው የተጠቃሚው መሆኑ ላይ እናስምርበት። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሌላ አማራጭ ተጨመረ፦ ስክሪን ሪደሩ በአንድ ጆሮ፣ የቀረው ሁሉ በሌላው። በኮድ ውስጥ ይህ ያው ማባዛት ነው፤ የግራው ቻናል በ1 የቀኙ በ0 ይባዛል፣ ለሌላው ስትሪም ደግሞ በተገላቢጦሽ። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው አንድሮይድ 8 ለተደራሽነት የሚሆን ራሱን የቻለ ቮልዩም ለይቷል፤ ስልኩ የሚያነብለት ሰው ሙዚቃውን ሲቀንስ አንባቢው አብሮ እንዳይጠፋበት።

የስትሪም ቮልዩም ዋና ፈተናም እዚሁ ይገኛል። ስላይደር ሲበዛ ማባዣዎቹ እርስ በርስ ይባዛሉ። መተግበሪያው 0.5፣ ስትሪሙ 0.5፣ መሣሪያው 0.5 ቢሆኑ የሚወጣው ድምፅ 0.125 ነው፤ አንድ ስምንተኛ። ተጠቃሚው ድምፁ የት ላይ እንደታነቀ አያውቅም። ሥራው በ16 ቢት ከሆነ በዚህ መንገድ ሦስት ቢት ስለሚባክን፣ መጨረሻ ላይ አምፕሊፋየሩን ከፍ ቢያደርግ ድምፁ ከነሽውሽውታው ይመጣል። የሚያይ ሰው ሦስቱንም ስላይደር አይቶ የቀነሰውን ይፈልጋል። የማያይ ሰው ስላይደሩን የሚፈልገው በስክሪን ሪደሩ ነው፤ የጠፋው ድምፅ የስክሪን ሪደሩ ከሆነ ደግሞ መፈለጊያውም አብሮ ጠፍቷል። አንድ ፕሮግራም በስህተት የስክሪን ሪደሩን ስትሪም 0 ላይ ቢያደርስ ለሚያይ ሰው ስክሪኑን እንዳጠፋበት ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ስትሪሞች ሁሉ እኩል አይደሉም። ሙዚቃ 0 ሊሆን ይችላል። የስክሪን ሪደር ስትሪም ግን ሌላ ፕሮግራም ሊያወርደው የማይችለው ወለል ሊኖረው ይገባል፤ ወለሉን ዝቅ የማድረግ መብትም የባለቤቱ ብቻ ነው። ላይብረሪዎቹ ቮልዩምን ከመሣሪያ ወደ ስትሪም ሲያወርዱ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። የቀረው ግማሽ የትኛው ስትሪም ለማን ሕይወት እንደሆነ መለየት ነው።

ላይብረሪው የማያውቀው ነገር

አንዳንዶች ከዚህ አልፈው ይሄዳሉ፦ ከቮልዩም ብዛት የሚመጣውን ጉዳት ለምን ኮዱ ራሱ አይከለክልም? ጥያቄው ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በማዳመጫና በጭፈራ ቤት ድምፅ የመስማት ችሎታቸውን ለማጣት እንደተጋለጡ ይናገራል። ድርጅቱ ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደረጃ መሠረት፣ አንድ ጎልማሳ በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይችላል። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ወደ ኮድ ብንመልሰው፣ ሳምፕሉን በ1.41 ማባዛት 40 ሰዓቱን ወደ 20 ያወርደዋል፤ በ2 ማባዛት ወደ 10። በስላይደሩ ላይ ትንሽ የሚመስል እርምጃ ለጆሮ ትልቅ ዕዳ ነው።

በአገራችንም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣ ያዝዛል፤ በወጣው ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ወሰኑ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ልዩነቱ 10 ዴሲቤል ነው። ቀን በደረጃው ልክ የሚሰማ ሞንታርቦ ሌሊትም ደረጃውን ይጠብቅ ቢባል ማባዣው ወደ 0.32 መውረድ አለበት ማለት ነው። ለኮድ ይህ አንድ መስመር ነው።

ነገር ግን ኮዱ የማያውቀው አለ። የሲ ላይብረሪው 1.0 ሲል የሚያወራው ስለ ቁጥሮች ክልል ነው፤ ሕጉ 55 ሲል የሚያወራው በአየር ውስጥ ስላለ ግፊት ነው። ያው 1.0 በስልክ ስፒከር ሲወጣ ክፍል አይሞላም፤ በሞንታርቦ ሲወጣ ሰፈር ያናውጣል። ፕሮግራሙ ከሽቦው ወዲያ ማዶ ምን እንደተሰካ አያውቅም። የሚሰማበትንም ቦታ አያውቅም። ከተፍኪ ሜዳ ጥግ ባለ ቤት በቂ የሆነ ድምፅ፣ የጅማው መንገድ ዳር ባለ ሱቅ ውስጥ ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ይዋጣል። ቋሚ ገደብ በላይብረሪው ውስጥ ቢቀረቀር ያኛውን ሳያስፈልገው ያፍነዋል፣ ይህኛውንም አያድነውም። ገደብ ማበጀት የሚችለው መሣሪያውን የሚያውቅ ነው፦ ስልኩንና ኢርፎኑን አብሮ የሚሸጥ አምራች፣ ወይም ሞንታርቦውን የሚለካ ተቆጣጣሪ። ከላይብረሪው የሚጠበቀው ድምር ከክልሉ እንዳይወጣና ድንገተኛ ዝላይ እንዳይኖር መጠበቅ ነው። ሕጉን ኮድ ላይ ጥሎ መሄድ ኃላፊነትን መሸሽ ይሆናል፤ ፕሮግራመሩም «ሲስተሙ ይጠብቀዋል» ብሎ ሥራውን መተው አይችልም።

ለእኛ ፕሮግራመሮች

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ብዙ ወጣት ወደ ኮድ እየሳበ ነው። የአማርኛ የድምፅ መጻሕፍት፣ የመማሪያ መተግበሪያዎች፣ ድምፅ ያላቸው ጌሞች እዚሁ እየተሠሩ ነው። ከሠሪዎቹ የሚበዙት ሲን በቀጥታ አይጽፉም፤ የሚጽፉበት ቋንቋ ግን ከሥር የሚጠራው የሲ ላይብረሪ ነው፣ ስህተቱም ያው ነው።

ስለዚህ አራት ነገር ይጠበቅባቸዋል። አንደኛ፣ የንግግርን፣ የሙዚቃንና የማሳወቂያን ስትሪም መለየት፤ ሦስቱን በአንድ ቮልዩም ማሰር ያንኑ የሚኒባስ ቁልፍ መድገም ነው። ሁለተኛ፣ የስላይደሩን ቁጥር ለላይብረሪው ከመስጠት በፊት ለጆሮ ማስማማት፤ ሦስት ጊዜ በራሱ ማባዛት ለመነሻ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ለውጡን በአሥር ሚሊሰከንድ ገደማ ማለዘብ። አራተኛ፣ የተጠቃሚውን ምርጫ ማስታወስ። ትናንት ማታ ሕፃን አስተኝቶ ድምፁን 10 በመቶ ላይ ያደረገ ሰው ዛሬ መተግበሪያውን ሲከፍት 100 በመቶ ሊጮኽበት አይገባም። ይህን የሚያደርግ መተግበሪያ ዘመናዊ ላይብረሪ ቢጠቀምም ፐልስኦዲዮ እ.ኤ.አ. በ2009 የሠራውን ስህተት በትንሹ እየደገመው ነው፤ አድማጩ የወሰነውን ሽሯልና።

ሲ እ.ኤ.አ. በ1972 በዴኒስ ሪቺ እጅ ሲወለድ ለፕሮግራመሩ ሙሉ እምነት የሚሰጥ ቋንቋ ሆኖ ነው የተወለደው፤ ቁጥሩ ከክልሉ ቢወጣ አይከለክልም፣ ስትሪሙ ወደ 0 ቢወርድ አይጠይቅም። እምነቱ እንዳለ ኃላፊነት ነው። መተግበሪያ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያወጣ ሰው ከማውጣቱ በፊት አንድ ፈተና ይሥራ፦ ስክሪኑን ያጥፋ፣ ስክሪን ሪደሩን ያብራ፣ ዘፈኑ እየጮኸ የመተግበሪያውን ቮልዩም በጆሮው ብቻ ፈልጎ ይቀንስ። ይህን ማድረግ ካልቻለ የሠራው ቮልዩም ለራሱ ዓይን እንጂ ለአድማጩ አልተሠራም፤ ተመልሶ ይሥራው።